ስለ ካፋና ስለ ጎረቤቶቿ፦ የትኛውን መጽሐፍ ልያዝ?

ጥያቄ፦ «እናቴ የቦንጋ፣ አባቴ የዋካ ልጆች ናቸው። እኔ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልልን ታሪክና ሕዝብ አሟልቶ የሚነግር አንድ መጽሐፍ እፈልጋለሁ። ነገ ልጆቼም እንዲያነቡት ነው። መጽሐፍ ሻጮች ‹ስለዚያ አገር የተጻፈ የለም› ይሉኛል። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ‹የኦስትሪያዊውን የቢበርን ካገኘህ ሌላ አያስፈልግህም› አለኝ። ቡና ስሙን ያገኘው ከካፋ መሆኑን የሚያረጋግጥ መጽሐፍ ካለም ጠቁሙኝ።»

ምላሽ፦

አንድ የተሟላ መጽሐፍ የለም። የሚያውቅ ሰው ቢፈልግም በቀላሉ አይጻፍም። ክልሉ በስሙ የተመሠረተው ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። ሕዝበ ውሳኔው የተካሄደውም በዚያው ዓመት መስከረም 20 ነበር። ካፋ፣ ሸካ፣ ቤንች ሸኮ፣ ዳውሮ፣ ምዕራብ ኦሞና ኮንታ በአንድ አስተዳደር ጥላ ሥር ከተሰባሰቡ ገና ጥቂት ዓመት ነው። በድሮው ዘመን ካፋ የራሱ ንጉሥ ነበረው። ዳውሮም የራሱ። ሸካም የራሱ። ዲዚ ደግሞ ብዙ ትንንሽ ባላባቶች ነበሩት። ሱሪና ሜኤን ንጉሥ የሚባል ነገር አያውቁም፤ አኗኗራቸውም ከደገኞቹ ጨርሶ የተለየ ነው። ስለዚህ የእናትዎን አገር ካፋንና የአባትዎን አገር ዳውሮን በሁለት መንገድ ነው የሚያነቡት። ሁለቱን በአንድ ሽፋን ውስጥ የሚሰጥዎ መጽሐፍ ካገኙ፣ ምናልባት ለጎብኚ የተዘጋጀ ነው።

«የተጻፈ የለም» የሚለውም ልክ አይደለም። ሞልቷል። ግን አብዛኛው በጣልያንኛ፣ በጀርመንኛና በእንግሊዝኛ ነው፤ በሩሲያኛም አለ። ሌላው ችግር ስሙ ነው። የድሮ ጸሐፊዎች ሕዝቦቹን የጠሩት ራሳቸውን በሚጠሩበት ስም አልነበረም። ዳውሮን «ኩሎ» ብለው ነው የጻፉት። ሸካን «ሞቻ»፣ ቤንችንና ጎረቤቶቹን «ጊሚራ»፣ ሜኤንን «ቲሻና» ይላሉ። ዲዚን ደግሞ ብዙ ጊዜ በከተማው ስም «ማጂ» ብለው ያልፉታል። ቤተ መጻሕፍት ገብተው «ዳውሮ» ብለው ቢፈልጉ ከድሮዎቹ መካከል ምንም ላይወጣ ይችላል። «ኩሎ» ሲሉ ይወጣል። ለፍለጋ ይጠቀሙባቸው፤ በንግግርዎ ግን አይጠቀሙባቸው። አንዳንዶቹን ሰዎቹ እንደ ስድብ ነው የሚሰሟቸው።

«ከፋ» የሚለው ስም ራሱ ሌላ ወጥመድ ነው። እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ «ከፋ ክፍለ ሀገር» የሚባለው ዋና ከተማው ጅማ ነበር። ስለዚህ በዚያ ዘመን የታተመ፣ ሽፋኑ ላይ «ከፋ» የሚል ጽሑፍ ይዘው ሲገልጡት ግማሹ ስለ ጅማና ስለ ሊሙ ሊሆን ይችላል። የድሮው የካፋ መንግሥት ግን ከጎጀብ ወንዝ ወዲያ፣ በቦንጋና በአንድራቻ ዙሪያ ነው። ማውጫውን አይተው ቦንጋ፣ ጎጀብ ወይም «ታቶ» የሚሉ ቃላት መኖራቸውን ያረጋግጡ። ታቶ የካፋ ንጉሥ ማዕረግ ነው።

አሁን ወደ መጻሕፍቱ ልግባ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሌላ ካላልሁ በስተቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ለካፋ ታሪክ የመከፋፈያው ዓመት 1897 ነው። በዚያ ዓመት የአፄ ምኒልክ የጦር አለቃ የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ካፋን ያዘ። የመጨረሻው ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ተማረከ። በ1919 እስኪሞት ድረስም በምርኮ ቆየ። ማንኛውንም መጽሐፍ ሲይዙ መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህን ይሁን፦ ጸሐፊው ካፋን ያየው ከ1897 በፊት ነው ወይስ በኋላ? በፊት ያዩት በጣም ጥቂት ናቸው። አገሩ ዝግ ነበር። ዙሪያውን በጥልቅ ጉድጓድና በአጥር ታጥሮ፣ በበር በኩል ካልሆነ የሚገባ አልነበረም። በእኛ ዘንድ አቡነ ማስያስ የሚባሉት ጣልያናዊው ካቶሊክ ሚስዮናዊ ጉልየልሞ ማሳያ ከ1859 እስከ 1861 እዚያ ኖረው ተባርረዋል። 12 ቅጽ ያለውን ትዝታቸውን የጻፉት ግን ካረጁ በኋላ፣ ማስታወሻቸው ጠፍቶባቸው፣ አብዛኛውን ከአእምሯቸው እያወጡ ነው። አንቶኒዮ ቼኪ የጻፈው ሦስት ቅጽ መጽሐፍ ደግሞ በርዕሱ ራሱ እውነቱን ይነግርዎታል፤ «ከዘይላ እስከ ካፋ ድንበር» ነው የሚለው። ድንበሩ ላይ ሆኖ የሰማውን ነው የጻፈው።

ከዘመቻው በኋላ ወዲያው የጻፈው ሩሲያዊው መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች ነው። በ1898 ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋር እስከ ሩዶልፍ ሐይቅ፣ ማለትም እስከ ዛሬው ቱርካና፣ ዘልቋል። በመንገዱ ካፋን አቋርጧል። ሰው አልባ የሆኑ መንደሮችንና ሣር ውስጥ የወደቀ የሰው አጥንት ማየቱን ጽፏል። እሱ ራሱ ለአፄ ምኒልክ ጦር አድናቆት ያለው ሰው ነበር፤ የመጣውም እንደ ወዳጅ ነው። ይህን የመሰለ ምስክርነት ከወዳጅ ሲመጣ ክብደቱ ሌላ ነው። እንግሊዝኛ ከቻሉ ትርጉሙ በ2000 ወጥቷል። በአንድ ቁጭታ የሚነበብ አይደለም። ልብ ይጠይቃል።

ጓደኛዎ ያወሳው ቢበር ላይ ትንሽ ልቆይ። ፍሪድሪሽ ዩሊየስ ቢበር የቪየና ሰው ነው። ካፋ የገባው በ1905 ነው፤ ካፋ ከተያዘ ከስምንት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ሁለት ቅጽ መጽሐፉ በ1920ና በ1923 ታተመ። ጓደኛዎ ማድነቁ አልተሳሳተም። ቢበር የሕዝቡን የቤት ዕቃ፣ ልብስ፣ ምግብ፣ የግንባታ ዘዴ፣ የንጉሡን አደባባይ ሥርዓት አንድ በአንድ መዝግቧል። የቤተ መንግሥቱን አገልጋዮች በሕይወት አግኝቷቸዋል። ዛሬ ያን ማንም ሊያደርገው አይችልም። ያ ትውልድ አልፏል።

ሆኖም «ሌላ አያስፈልግም» የሚለውን ይተዉት። በመጀመሪያ መጽሐፉ በጀርመንኛ ነው። እኔ የማውቃቸው አብዛኞቹ «ቢበርን አንብቤያለሁ» የሚሉ ሰዎች ሌላ ሰው ከእሱ የጠቀሰውን ነው ያነበቡት። ሁለተኛ፣ በርዕሱ ካፋዎችን «ጥንታዊ የኩሽ ሕዝብ» ይላቸዋል። የቋንቋ ሊቃውንት ከ1969 ወዲህ ካፊ ኖኖን፣ ማለትም የካፋን ቋንቋ፣ ከዳውሮኛ፣ ከወላይትኛና ከሌሎች ጋር ኦሞቲክ በሚባል የራሱ ወገን መድበውታል። ቢበር ይህን ማወቅ አይችልም ነበር። ግን ዛሬም እየጠቀሱት «ካፋ ኩሽ ነው» ብለው የሚከራከሩ አሉ።

ሦስተኛው ችግር ጥቃቅን ይመስላል፤ ለእኔ ግን ዋናው እሱ ነው። የፊደሉ ጉዳይ ነው። ካፊ ኖኖ እንደ አማርኛ ቸ እና ጨ፣ ከ እና ቀ አለው። በጀርመንኛ ፊደል ግን ሁለቱ አይለዩም። አንድ ጊዜ ከቦንጋ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ፣ በሰማንያዎቹ ውስጥ ካሉ አንድ አባት ቤት ተቀምጬ፣ ከአንድ የአውሮፓ መጽሐፍ የገለበጥሁትን የጎሳና የቦታ ስም ዝርዝር አነበብሁላቸው። ሦስተኛው ስም ላይ እጃቸውን አነሱ። «ማን ይሆን እሱ?» አሉ። ደግሜ አነበብሁ። አላወቁትም። ሦስተኛ ጊዜ ቸ የነበረውን ጨ አድርጌ ስጠራው ፊታቸው በራ። «እሱማ የእናቴ ወገን ነው!» አሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁለት ሰዓት ሙሉ ያወሩት ስለዚያ ጎሳ ነው። በአንዲት ፊደል ምክንያት ያ ሁሉ ሊያመልጠኝ ነበር። ከባዕድ መጽሐፍ ስም ሲገለብጡ፣ አነጋገሩን ከሚያውቅ ሰው ሳያረጋግጡ ወደ አማርኛ አይመልሱት።

የቢበርን ጉድለት በከፊል የሚሞላው በአገሩ ልጅ የተጻፈው ነው። በቀለ ወልደማርያም የጻፉት «የካፋ ሕዝቦችና መንግሥታት አጭር ታሪክ» በአማርኛ ነው። በ2010 ደግሞ እንግሊዝኛው ትርጉም ታትሟል። ስሞቹ ስሞች ናቸው። ጎሳዎቹ፣ ቦታዎቹ፣ ማዕረጎቹ በትክክል ተቀምጠዋል። ንጉሡ ብቻውን የሚወስን እንዳልነበረ፣ «ሚክሬቾ» የሚባሉ አማካሪዎች እንደነበሩት በደንብ ይረዳሉ። አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። በእንግሊዝኛው ርዕስ ላይ መንግሥቱ የጀመረበት ዓመት 1390 ተብሎ ሰፍሯል። ይህ በድንጋይ ላይ የተገኘ ወይም በብራና የተጻፈ ዓመት አይደለም። ሽማግሌዎች በቃል ከያዙት የነገሥታት ዝርዝር ተነስቶ ወደ ኋላ እየተቆጠረ የተገኘ ግምት ነው። ግምቱ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ለልጆችዎ ሲነግሯቸው «እንዲህ ይባላል» ብለው ይንገሯቸው።

በምርምር ደረጃ የካፋን ታሪክ በጥንቃቄ ያበጠረው ቨርነር ላንገ ነው። በ1982 የታተመው መጽሐፉ ስለ ደቡብ ጎንጋዎች ታሪክ ነው። ጎንጋ የሚባለው የካፋ፣ የሸካ፣ የሺናሻና የአንፊሎ ቋንቋዎች ወገን ነው። ላንገ የአፍ ታሪክ፣ የተጓዦች ጽሑፍና የቋንቋ ማስረጃን ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚጋጩበትን ያሳያል። ከእሱ በፊት አምኖን ኦረንት በ1969 ለዶክትሬቱ የጻፈው ጥናት አለ። እሱ ስለ ጎሳ አወቃቀርና ስለ «ኤቆ» ነው። ኤቆ በሰው ላይ የሚያድር መንፈስ ነው፤ መንፈሱ የሚያድርበት ሰው «አላሞ» ይባላል። እናትዎ ኦርቶዶክስ ወይም ፕሮቴስታንት ቤት ውስጥ አድገው ይሆናል፤ ስለዚህ ነገር በቤት ውስጥ ላይወራ ይችላል። ግን የካፋን የድሮ አስተዳደር ያለ ኤቆ መረዳት አይቻልም። ዳኝነቱም፣ የመሬቱ ጉዳይም፣ የንጉሡ ክብርም ከእሱ ጋር የተሳሰረ ነበር።

በ1955 የታተመ የሀንቲንግፎርድ ሥራም ያጋጥምዎታል። ርዕሱ ራሱ ዛሬ ማንም የማይቀበላቸውን የሕዝብ መጠሪያዎች ይዟል። ውስጡም የራሱ የመስክ ሥራ አይደለም፤ ከነቼኪና ከነቢበር የተለቀመ ነው። ምንጮቹን ካገኙ እሱን መዝለል ይችላሉ።

አሁን ብዙ ሰው ስለሚዘለው ክፍል ልናገር። እነዚህ ሁሉ መጻሕፍት ከሞላ ጎደል የንጉሥና የባለ መሬት ታሪክ ናቸው። ማንጆዎችስ? በካፋ አደን አዳኞች፣ ከሰልና እንጨት ሻጮች ሆነው ለዘመናት ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይበሉ፣ እንዳይጋቡ የተደረጉ ሰዎች ናቸው። ግን ያ አገሩን የከበበው ጉድጓድና በሩ፣ ማን ይጠብቀው ነበር? ማንጆዎች ናቸው። ንጉሡ ተከብሮ የኖረው ከቤቱ ደጃፍ በማይገቡ ሰዎች ጥበቃ ነው። ይህን ያላነበበ ሰው ስለ ካፋ መንግሥት ጥንካሬ ግማሹን ብቻ ነው የሚያውቀው። በ2003 ዲና ፍሪማንና አሉላ ፓንክኸርስት ያዘጋጁት፣ በደቡብ ኢትዮጵያ ስለተገለሉ የእደ ጥበብ ባለሙያዎችና አዳኞች የሚናገር የጥናት ስብስብ አለ። የካፋን ምዕራፍ ፈልገው ያንብቡ። ቆዳ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቀጥቃጩ በየብሔረሰቡ እንዴት እንደተገፉ ጎን ለጎን ያያሉ። ለልጆችዎ ስለ ታቶው ዘውድ የሚነግሯቸው ከሆነ ይህንንም አብረው ይንገሯቸው። የማንጆ ልጆች ዛሬም በየትምህርት ቤቱ አሉ።

ስለ አባትዎ ወገን ያለው ጽሑፍ ሳሳ ይላል። ዳውሮ ብዙ የሚነሳው በንጉሥ ሐላላ የድንጋይ ካብ ነው። ካቡ እውነተኛና የሚያስደንቅ ነው፤ ያለ ጭቃ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተነባበረ ነው። ስለ ርዝመቱና ስለ ተሠራበት ዘመን በየጽሑፉ የሚያገኟቸው ቁጥሮች ግን እርስ በርስ አይስማሙም፤ አንዱን መርጠው እንደ እውነት አይያዙት። ስለ ሕዝቡ ኑሮና ስለ ማኅበራዊ ደረጃዎቹ ዳታ ዴአ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያጠናው ጽሑፍ ጥሩ መነሻ ነው። ጸሐፊው የአካባቢውን ሕይወት ከውስጥ ያውቃል። ከዚያ ውጪ ያለው አብዛኛው በመመረቂያ ጽሑፍ መልክ የተቀመጠ ነው።

ስለ ሸካ የቋንቋ ፍላጎት ካለዎት ቮልፍ ሌስላው በ1959 ያሳተመው የ«ሞቻ» መዝገበ ቃላት አለ። ስለ ዲዚ የአይከ ሀበርላንድ የጀርመንኛ መጽሐፍ በ1993 ወጥቷል። ስለ ሱሪና ሜኤን የያን አቢንክ ጽሑፎች አሉ። ስለ ማጂ የዝሆን ጥርስ፣ የባሪያና የጠመንጃ ንግድ በ1986 ዶናልድ ዶንሃምና ዌንዲ ጄምስ ባዘጋጁት ስብስብ ውስጥ ፒተር ጋረትሰን የጻፈው ምዕራፍ በጣም ጠንካራ ነው። በ1920ዎቹ እዚያ የነበሩት እንግሊዛውያን የጻፉትን ትዝታ ግን ከዚህ ምዕራፍ በፊት አያንብቡ። አደንና ጀብዱ ይበዛባቸዋል፤ የአገሩን ሰው እንደ ጌጥ ነው የሚያዩት።

ስለ ቡናው ጥያቄዎ ሁለት ነገር ተቀላቅሎብዎታል። ቡና እንደ ዛፍ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ውስጥ በራሱ የበቀለ መሆኑ ሳይንስ የሚቀበለው ነው። በዚህ አይጠራጠሩ። ቃሉ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የፈረንጆቹ ቃል «ቀህዋ» ከሚለው ዓረብኛ፣ በቱርክኛ በኩል አልፎ እንደመጣ ነው አብዛኛው የቋንቋ ሊቅ የሚቀበለው። ካፋዎች ራሳቸው ቡናን «ቡኖ» ነው የሚሉት፤ ከእኛ ቡና ጋር አንድ ነው። የፍየል እረኛው ተረትም በጽሑፍ የታየው በ1671 ሮም ውስጥ፣ ፋውስቶስ ናይሮን በጻፈው ነው። እዚያ ውስጥ ካልዲ የሚል ስም የለም፤ ካፋም አልተጠቀሰም። ስለዚህ «ስሙ ከካፋ መምጣቱን ያረጋግጣል» የሚል መጽሐፍ ካገኙ፣ ሌላውንም ነገር የጻፈው በዚሁ ጥንቃቄ ይሆናልና ቢያስቀምጡት ይሻላል። ካፋ በቡና ለመኩራት ይህ ቃል አያስፈልጋትም። ዛፉ ይበቃታል።

እንግዲህ ቁርጡን ልንገርዎ። መጀመሪያ የበቀለ ወልደማርያምን በአማርኛ ያንብቡ፤ ሌላ ምንም ሳይነኩ። እርሳስ ይዘው ከእናትዎ ጎሳ ጋር የተያያዘውን ሁሉ ያስምሩበት። ሁለተኛ፣ በፍሪማንና ፓንክኸርስት ስብስብ ውስጥ ያለውን የካፋ ምዕራፍ። ሦስተኛ ላንገን። ለአባትዎ ወገን የዳታ ዴአን። ቢበር ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ፣ ያውም ጀርመንኛ የሚያነብልዎ ሰው ካገኙ። ቡላቶቪችን እርስዎ ያንብቡት፤ ለልጆች ግን ትንሽ ይቆይ።

አብዛኞቹን በገበያ አያገኟቸውም፤ ፎቶ ኮፒ ሲሸጥ ቢያዩም ገጽ መጉደሉን ሳያረጋግጡ አይግዙ። ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ዋና መድረሻዎ ነው። መታወቂያ ይዘው ይሂዱ። ለባለሙያው የፈለጉትን በአዲሱም በድሮውም ስም ጽፈው ይስጡት። የዩኒቨርሲቲው የመመረቂያ ጽሑፎች ብዙዎቹ በኢንተርኔትም ይገኛሉ። ቦንጋ ከሄዱ የቡና ሙዚየሙን ያያሉ፤ ጥሩ ነው። ግን እዚያ ውለው እንዳይመለሱ።

እናትዎና አባትዎ በሕይወት ካሉ፣ መጽሐፉን ከማጠናቀቅዎ በፊት ስልክዎን መቅጃ ላይ አድርገው አጠገባቸው ይቀመጡ። «የድሮውን ንገሩኝ» አይበሏቸው፤ ይህ ጥያቄ መልስ የለውም። ካሰመሩበት ገጽ አንድ የጎሳ ወይም የቦታ ስም ያንብቡላቸው። ካላወቁት ፊደሉን ቀይረው ይድገሙት፤ ቸ ከሆነ ጨ፣ ከ ከሆነ ቀ። ማን እንደነገራቸው፣ የት ሆነው እንደሰሙ ይጠይቋቸው። ቀኑንና የተናገረውን ሰው ስም በቅጂው መጀመሪያ ላይ በድምፅዎ ይናገሩ። በካፊ ኖኖና በዳውሮኛ ቢያወሩ አያቋርጧቸው፤ ትርጉሙ በኋላ ይደርሳል።